ለጫጩት አምፖል ዲመር፦ የቱን ትራያክ፣ የቱን ካፓሲተር ልግዛ?

የጦሳ ሥር (ደሴ) — ሰኞ ማታ

እንዴት አመሻችሁ። 50 የሳሶ ጫጩት አምጥቻለሁ፣ ዛሬ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። የኅዳርን የደሴ ብርድ ታውቁታላችሁ። በካርቶን ክብ አጥሬ፣ ሰጋቱራ አንጥፌ፣ ሁለት ባለ 100 ዋት ቢጫ አምፖል ሰቀልኩላቸው። ሌሊት ጥሩ ነው። ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲመታው ግን ይሞቃቸዋል። አንዱን አምፖል ሳጠፋ በዚያ በኩል ያሉት ይበርዳቸዋል። ስለዚህ ዲመር፣ ማለትም የአምፖሉን ኃይል ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ነገር፣ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ።

ፒያሳ ካለ አንድ እቃ ቤት ቢቲ136 ትራያክ (መብራቱን የሚከፍት የሚዘጋው)፣ ዲቢ3 ዳያክ (ትራያኩን የሚቀሰቅሰው)፣ ባለ 500 ኪሎ ኦም ቮልዩም (በእጅ የሚዞር ሬዚስተር)፣ አንድ 4.7 ኪሎና አንድ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተር (መብራት የሚያጠራቅም) ገዛሁ። የምከተለው የሰርኪት ሥዕል ሁለቱንም ካፓሲተር 100 ናኖ ነው የሚላቸው። ሻጩም 104 የሚል ሁለት አረንጓዴ ሰጠኝ። በየድኩት፣ ሰካሁት፣ በራ። ቮልዩሙን ሳዞረው አምፖሉ ቀስ እያለ ደበዘዘ፣ በጣም ደስ አለኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጢስ። አንዱ ካፓሲተር ጎኑ ተሰንጥቆ ውስጡ ጥቁር ሆኗል፣ አጠገቡ ያለችው 100 ኦም ጠቁራለች፣ ሽታው እስካሁን ከእጄ አልለቀቀም። አሁን ቮልዩሙን ባዞረውም ባላዞረውም አምፖሉ ሙሉ ነው የሚበራው።

ነገ ድጋሚ ልገዛ ነው። ምን ልግዛ? ገንዘቡ አይደለም፣ ቤት ውስጥ እሳት እንዳላስነሳ ነው የፈራሁት።


ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ፣ ሁላችንም አቃጥለናል። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ያልተቃጠለውን ካፓሲተር አምጣና ላዩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጻፍልኝ። 104ን ብቻ ሳይሆን ከፊቷ ያለችውን ፊደልና ቁጥር ጭምር።


የጦሳ ሥር

2ኤ104ጄ ይላል። ሌላ ምንም የለውም።


ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

በቃ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። 104 መጠኑን ነው የሚነግርህ፣ 100 ናኖ ፋራድ። 2ኤ ደግሞ የሚችለውን ቮልቴጅ ነው የሚነግርህ። 2ኤ ማለት 100 ቮልት ነው። 2ኢ 250 ነው፣ 2ጂ 400 ነው፣ 2ጄ 630 ነው። አንተ የገዛኸው የ100 ቮልት ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ይባላል እንጂ ጫፉ ላይ 311 ይደርሳል። በሰከንድ 100 ጊዜ 311 ቮልት እየመታው አምስት ደቂቃ መቆየቱም ጥሩ ነው።

አሁን አስተውል። ሥዕሉ ላይ ሁለት 104 አለ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ከቮልዩሙ ጋር ሆኖ ሰዓት የሚጠብቀው ነው። እሱ 32 ቮልት ገደማ ሲደርስ ዳያኩ ስለሚያራግፈው ብዙ አይጨነቅም፣ ለዚያ ነው ያንተ የተረፈው። ሁለተኛው ከ100 ኦሟ ጋር ትራያኩን ጎን ለጎን ያቀፈው ነው። እሱ ላይ ሙሉው ቮልቴጅ ነው የሚያርፈው። የተቃጠለብህ እሱ ነው፣ ሳልጠይቅህ አውቀዋለሁ። ያ ቦታ ቢያንስ 400 ቮልት ይፈልጋል። ካገኘህ ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነውን፣ ላዩ ላይ ኤክስ2 እና 275 ቮልት ኤሲ የሚለውን ግዛ። እሱ ለመብራት መስመር ተብሎ የተሠራ ነው።

ሰዓት ጠባቂውንም ቢሆን 400 አድርገው። ዳያኩ አንድ ቀን ቢበጠስ የመስመሩ ቮልቴጅ በቮልዩሙ በኩል እሱ ላይ ነው የሚመጣው። የዋጋው ልዩነት አንድ ሻይ አይሞላም።

ሌላ ሁለት ነገር፣ ሳትረሳ። የቢቲ136 የብረት ጀርባ ከመካከለኛው እግር ጋር የተያያዘ ነው፣ ማለትም መብራት አለበት። ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) ብታስርበት ሂት ሲንኩም መብራት አለበት። በዚህ ፋንታ ቢቲኤ16 ግዛ። "ኤ"ዋን ልብ በል። ቢቲኤ ጀርባው ከእግሮቹ የተነጠለ ነው፣ መብራት የለበትም፣ ቢቲቢ ግን እንደ ቢቲ136 ነው። ቮልዩሙ ደግሞ ዘንጉ ፕላስቲክ ይሁን። የብረት ዘንግ ከሆነ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ቁልፍ ሳታስገባ እንዳትነካው። እርጥብ እጅ ይዘህ ከውሃ መጠጫቸው ተነስተህ ነው የምታዞረው፣ አስበው።


የወልድያው መምህር

ጠጋኝ በደንብ ነግሮሃል፣ እኔ ትንሽ ልጨምር። ዲመሩ ምን እንደሚሠራ ካወቅህ እቃውን ራስህ ትመርጣለህ።

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ግማሽ ዙሩ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ትራያክ በር ነው በለው። በየግማሽ ዙሩ መጀመሪያ ዝግ ነው። ካፓሲተሩ በቮልዩሙ በኩል ቀስ እያለ ይሞላል፣ 32 ቮልት ሲደርስ ዳያኩ ድንገት ይለቅና በሩን ይከፍታል። በሩ አንዴ ከተከፈተ ግማሽ ዙሩ እስኪያልቅ አይዘጋም። ከ5ኛው ሚሊ ሰከንድ ላይ ከከፈትከው ግማሽ ኃይል ታገኛለህ፣ ከ8ኛው ላይ ከከፈትከው ጥቂት ብቻ። ቮልዩሙን ስታዞር የምትለውጠው የመሙያውን ፍጥነት ነው።

እዚህ ላይ ቮልዩሙና ካፓሲተሩ ባልና ሚስት ናቸው፣ ለብቻ አይመረጡም። 100 ናኖ ካስገባህ 250 ኪሎ ቮልዩም ይበቃዋል። 500 ኪሎ ቮልዩም ከሆነ ያለህ ካፓሲተሩን 47 ናኖ አድርገው፣ 473 የሚለውን። 500 ኪሎን ከ100 ናኖ ጋር ካጋባኸው ቮልዩሙ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ አምፖሉ ይጠፋል፣ የቀረው መንገድ ባዶ ነው።

ደግሞ አንድ የማልስማማበት አለ። የተቃጠለብህ ካፓሲተርና 100 ኦሟ ለቢጫ አምፖል ግድ አይደሉም። ለሞተር፣ ለፋን፣ ትራንስፎርመር ላለበት ነገር ነው የሚያስፈልጉት። ለአምፖል ብቻ ከሆነ ብትተዋቸውም ይሠራል።


ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ለአምፖል ግድ አይደለም። እኔ የማስገባቸው፣ ሰው ዛሬ አምፖል ብሎ ወስዶ ነገ ቬንትሌተር ስለሚሰካበት ነው። የሱ ጉዳይ ጫጩት ብቻ ከሆነ ይተወው።


ቦርከና

ቢቲ136 ለሁለት አምፖል ምን ጎደለው? 4 አምፔር ይችላል፣ 200 ዋት ደግሞ 1 አምፔር እንኳ አይሞላም። እኔ ሦስት ዓመት ሠርቶልኛል።


ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

ይችላል። የሚጎዳው ሲበራና ሲቃጠል ነው። ባለ 100 ዋት አምፖል ቀዝቅዞ ሳለ በመልቲሜትር ለካው፣ 40 ኦም አካባቢ ታያለህ። ሲሞቅ 484 ኦም ነው። ስለዚህ ልክ ስትሰካው ለቅጽበት 8 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ሁለት ከሆኑ 16። ከዚያ ደግሞ አምፖሉ ሲሞት ሽቦው ሲበጠስ ውስጡ እሳት ይዘላል፣ ያ ጊዜ ነው ትራያክ የሚገድለው። ቢቲ136 ለቅጽበት የሚችለው 25 አምፔር ነው፣ ቢቲኤ16 ግን 160። ልዩነቱ ይሄ ነው። መብራት በቀን ሦስት ጊዜ ሄዶ በሚመጣበት አገር በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቀዝቃዛ አምፖል ነው የምታስነሳው።

ሙቀቱ ለ200 ዋት 1 ዋት ቢሆን ነው። የጣት ጥፍር የምታክል አሉሚኒየም ትበቃዋለች። ፊውዝ ግን ፈጣኑን፣ 2 ወይ 3 አምፔር፣ ፋዙ (መብራት ያለበት ሽቦ) ላይ አስገባ።


ቦርከና

እሺ ይሄኛው ገብቶኛል። ለልጁ አንድ የቁጠባ መንገድ ልንገረው። ዳያክ አትግዛ። የተቃጠለ ጠመዝማዛ ቆጣቢ አምፖል ቤትህ ካለ ታችኛውን ፕላስቲክ ክፈት፣ ቦርዱ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ዳዮድ የምትመስል ዲቢ3 ታገኛለህ። አንዳንዴ የ400 ቮልት ካፓሲተርም አብሮ አለ። ብርጭቆውን ግን እንዳትሰብር፣ ውስጡ ሜርኩሪ አለበት። ዳያክ ፊትና ኋላ የለውም፣ በፈለግኸው በኩል ብየደው። በመልቲሜትር ስትለካው በሁለቱም በኩል ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ሞቷል።


እማማ ሐይቅ

ልጄ፣ እኔ ስለ ትራያኩ አላውቅም። ዶሮ ግን 20 ዓመት አርብቻለሁ። አምፖሉን በቮልዩም ከማስተካከልህ በፊት ጫጩቶቹን እያቸው። እነሱ ይነግሩሃል። አምፖሉ ሥር ተደራርበው እየጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ካርቶኑ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሸሹ በሌላው በኩል ነፋስ አለ። እዚህም እዚያም ተበታትነው ከተኙ ተመችቷቸዋል።

ቴርሞሜትሩን ጣሪያ ላይ አትስቀለው፣ በጫጩቷ ጀርባ ከፍታ አድርገው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እያወረድህ እስከ 21 ትሄዳለህ። አምፖሉን በሰንሰለት ስቀለው እንጂ በራሱ ሽቦ አታንጠልጥለው። ሽቦው ተንሸራቶ አምፖል ሰጋቱራ ላይ ወድቆ ቤት ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ።


የጦሳ ሥር

እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ዛሬውኑ ሰንሰለት አደርግለታለሁ። ጋሼም፣ ጠጋኝም፣ ቦርከናም አመሰግናለሁ። ነገ ቢቲኤ16 እና 2ጂ104ጄ ፈልጌ እገዛለሁ።


የሮቢት ልጅ

ይቅርታ በመሀል ልግባ። እኔ ጫጩት የለኝም። ይሄንኑ ሠርቼ መኝታ ቤት ላለው ኤልኢዲ አምፖል ላድርገው?


ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

አይሆንም። ተራ ኤልኢዲ አምፖል ውስጡ የራሱ ሰርኪት አለው፣ በዚህ ስትቀንሰው ይርገበገባል፣ ቆይቶ ይሞታል። ካርቶኑ ላይ በዲመር ይሠራል የሚል ካልተጻፈበት አትሞክረው። መኝታ ቤት ከሆነ የ12 ቮልት ኤልኢዲ ሪባን ገዝተህ በሞስፌት (ለዲሲ የሚሆን ሌላ ዓይነት በር) ማደብዘዝ ይሻልሃል፣ እሱ በጣም ለስላሳ ነው፣ ንዝረትም የለውም። ሞስፌቱ አይአርኤል የሚለው ይሁን፣ አይአርኤፍ የሚለው በ5 ቮልት በደንብ አይከፈትም። ለብቻው ርዕስ ክፈትና እንነጋገር።


የጦሳ ሥር — ረቡዕ ከሰዓት

ሠራሁት! ቢቲኤ16፣ 2ጂ104ጄ አንድ፣ ከቆጣቢ አምፖል ያወጣሁት ዳያክ፣ ፊውዝ። ባለ 250 ኪሎ ቮልዩም በፒያሳም በሰኞ ገበያም አጣሁ፣ ስለዚህ የድሮውን 500 ኪሎ ነው ያስገባሁት። 47 ናኖ ደግሞ በ400 ቮልት አልተገኘም። ጋሼ እንዳሉት ግማሹ መንገድ ባዶ ነው፣ ግን ይሠራል፣ ስለዚህ ተውኩት። ሁሉም በፕላስቲክ የመጋጠሚያ ሳጥን ውስጥ ነው። አሁን ቀን ስለሆነ በጣም ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ አምፖሎቹ ብርቱካናማ ሆነዋል፣ ጫጩቶቹ ተበታትነው ተኝተዋል።

አንድ ችግር ብቻ። የጎረቤቴ አባት ሬዲዮ አጠገባችን ነው፣ ዲመሩ ሲበራ ሬዲዮው ይንጫጫል አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ዜና የሚሰሙት በሱ ብቻ ነው፣ ላስቀይማቸው አልፈልግም።


የወልድያው መምህር

ትራያኩ በሰከንድ 100 ጊዜ ድንገት ስለሚከፈት ነው። ያ ድንገተኛ አከፋፈት ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ በተለይ ሚድየም ዌቭ ላይ ይሰማል። ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ቀለበት የመሰለውን ኮይል አውጣና ከፋዙ ጋር በተከታታይ አስገባው። አንድ ኤክስ2 ካፓሲተር ደግሞ ከፋዝ ወደ ኒውትራል አድርግ። ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም አባታችን ዜናቸውን ይሰማሉ።


የጦሳ ሥር — ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

ሰዎች፣ ከፍቶኛል። ማታ 3 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ። የቤቱ መብራት ሲመጣ አየሁ፣ ተኛሁ። 10 ሰዓት ላይ ድምፃቸው ቀሰቀሰኝ። ሄጄ ሳይ ጨለማ ነው። አምፖሎቹ አልበሩም። ሃምሳዎቹም መሃል ላይ አንድ ክምር ሆነው ነው ያገኘኋቸው። ሁለቱ ከሥር ታፍነው ሞተዋል።

ፊውዙ ደህና ነው። አምፖሎቹ ደህና ናቸው። ቮልዩሙን አልነካሁትም፣ ከሰዓት እንዳስቀመጥኩት ነው። ወደ ላይ ትንሽ ሳዞረው ዘሎ በራ! መልሼ ወደነበረበት ሳወርደውም አልጠፋም፣ ደብዝዞ ይበራል። ነቅዬ መልሼ ስሰካው ግን እዚያው ቦታ ላይ አይነሳም። ይሄ ምን ማለት ነው? እቃው ሐሰተኛ ነው?


እማማ ሐይቅ

አይዞህ ልጄ። እኔ በአንድ ሌሊት ሠላሳ ቀብሬ አውቃለሁ። የተረፉትን አሁን አሙቃቸው፣ ለብ ያለ ውሃ ስጣቸው፣ ስኳር ጣል አድርግበት። መብራት ድጋሚ ከሄደ ፍሙን ካርቶኑ ውስጥ እንዳታስገባ፣ የከሰል ጭስ ይገድላቸዋል፣ አንተንም ጭምር። ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተህ በጨርቅ ጠቅልለህ መሃላቸው አስቀምጥ፣ ካርቶኑን በብርድ ልብስ ግማሹን ሸፍን።


የወልድያው መምህር

ወንድሜ፣ እቃው ሐሰተኛ አይደለም። በጣም አዝናለሁ፣ ይሄን ሰኞ ዕለት ልነግርህ ይገባ ነበር። ሰው ክፍሉን ለማደብዘዝ ሲጠቀምበት ችግር ስለማይሆን ትዝ አላለኝም።

አሁን አንድ ነገር አድርግ። ዲመሩን ንቀል። ነቅለህ ቮልዩሙን አሁን ባለበት ቦታ ለካው።


የጦሳ ሥር

340 ኪሎ ኦም ይላል።


የወልድያው መምህር

ይሄውልህ። ካፓሲተሩ 100 ናኖ ሆኖ ከዜሮ ሲነሳ፣ 32 ቮልት ለመድረስ ቮልዩሙ ከ300 ኪሎ ኦም ገደማ በታች መሆን አለበት። 340 ላይ ጫፉ 29 ቮልት ይሆንና ይቆማል። ዳያኩ አይለቅም። አምፖሉ አይበራም።

ታዲያ ቀን እንዴት 340 ላይ በራ? ዳያኩ አንዴ ከለቀቀ በኋላ ካፓሲተሩን ያራግፈዋል። የሚቀጥለው ግማሽ ዙር ሲመጣ ካፓሲተሩ የሚሻገረው ርቀት አጭር ነው፣ የተቃራኒውን ክምችት ማጥፋት ብዙ አይጠበቅበትም። ስለዚህ እየሠራ ሳለ ከ300 በላይም ይዞ ይቆያል። ዘሎ የበራብህም ለዚህ ነው። መነሻውና መቆያው የተለያየ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን እንደገና ከመነሻው ነው የሚጀምረው።

በዚያ ላይ ማታ ቮልቴጅ ይወርዳል። 180 ከደረሰ መነሻው 300 መሆኑ ይቀርና 250 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አደጋ ነው።


የጦሳ ሥር

እኛ ሰፈር ማታ 180 በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ በሰላም የምጠቀመው ከ250 በታች ያለውን ብቻ ነው ማለት ነው? ሌሊት ተሳስቼ ከዚያ ባልፍስ? ሚስቴም ልታዞረው ትችላለች።


ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

ማንም ቢያዞረው እንዳያልፍ አድርገው። አንድ 470 ኪሎ ሬዚስተር ግዛ፣ ግማሽ ዋት። የምትጠቀምባቸውን ሁለት የቮልዩሙን እግሮች አገናኝተህ ብየደው። ቮልዩሙ እስከ መጨረሻው ቢዞር እንኳ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የሚሰጡት 242 ኪሎ ነው። ከ250 በታች ነህ። መብራቱ 180 ሆኖ ቢመጣም ይነሳል።

ጉዳቱ አንድ ነው። ዝቅ ማድረግ የምትችለው እስከ ግማሽ ኃይል ገደማ ብቻ ይሆናል። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ጥሩ ነው። ሁለቱን ባለ 100 ዋት አውርድና ሁለት ባለ 60 አድርግ። አምፖሉን መጀመሪያ በልኩ ምረጥ፣ ዲመሩ ለማስተካከል ብቻ ይሁን። 200 ዋት ሰቅለህ በዲመር አንቀህ 40 ዋት ማድረግ ነው ነገሩን ያበላሸው። የቀረውን በሰንሰለቱ አስተካክል፣ ሲሞቅ ወደ ላይ፣ ሲበርድ ወደ ታች።

ሁለተኛ ሬዚስተርና ሁለተኛ ካፓሲተር ከዳያኩ በፊት ጨምረህ መዝለሉን መቀነስም ይቻላል፣ የፋብሪካዎቹ ጥሩ ዲመሮች እንደዚያ ናቸው። ላንተ ግን ይሄ ይበቃል።


ቦርከና

እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ ትራያኩን ትቼዋለሁ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ። አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ከአምፖሉ ጋር በተከታታይ። በቃ። ዳዮዱ ግማሹን ዙር ይቆርጠዋል፣ ባለ 100 ዋቱ 58 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ግማሽ የማይሆነው ሽቦው ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ስለሚቀንስ ነው። ዳዮዱ 1 አምፔርና 1000 ቮልት ይችላል፣ ለአንድ አምፖል ከበቂ በላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁልጊዜ ይነሳል፣ የሚዘል ነገር የለውም። ሬዲዮም ላይ እንደዚያ አይጮህም።

ከዚያ ደብሊው1209 የሚባለውን ትንሽ ቴርሞስታት (ሙቀት እየለካ የሚያበራ የሚያጠፋ) በ12 ቮልት አስነሳሁት። የሱን ሪሌ (ራሱ የሚከፈት የሚዘጋ ማብሪያ) ዳዮዱን ጎን ለጎን እንዲያልፈው አድርጌ አሰርኩት። ሲበርድ ሪሌው ይዘጋል፣ ዳዮዱ ይታለፋል፣ አምፖሉ ሙሉ ይበራል። ሲሞቅ ሪሌው ይከፈታል፣ አምፖሉ በዳዮዱ በኩል ደብዝዞ ይቀጥላል። ጨለማ የሚባል የለም። ቴርሞስታቱ ቢሞት እንኳ ደብዛዛው ይቀራል። ሌሎች ቴርሞስታቱን አምፖሉን ራሱን እንዲያጠፋ ነው የሚያስሩት፣ ያኔ ጫጩቶቹ በየደቂቃው ጨለማና ብርሃን እየሆነባቸው ይደናገጣሉ፣ ይደራረባሉ።


የወልድያው መምህር

ቦርከና ይሄ በጣም ያማረ አሠራር ነው። ከዲመሩ ይልቅ ለጫጩት የሚሆነው ይሄ ነው። ብቻ ደብሊው1209 ቦርዱ ላይ የሪሌው እግሮች የመስመሩን 220 ይይዛሉ፣ ከሥሩ ተጋልጠው ነው ያሉት። እንደ ዲመሩ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ ሴንሰሩ ብቻ ይውጣ።


እማማ ሐይቅ

ሴንሰሩንም በጫጩት ጀርባ ከፍታ አድርጉት እንጂ ከአምፖሉ ሥር አትለጥፉት።


የጦሳ ሥር — ዓርብ ማታ

ዛሬ ሁለት ባለ 60 ዋት ሰቀልኩ፣ 470 ኪሎዋን በየድኩ። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ ሶኬቱን ሃያ ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት። ሃያውንም ጊዜ ተነሳ። ማታ 2 ሰዓት ላይ መልቲሜትሩ 187 ቮልት ሲል ደግሞ አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አሁንም ተነሳ። ከዚያ ሚስቴን ጠርቼ እሷም እንደፈለገች እንድታዞረው አደረግሁ።

ኮይሉን ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ አውጥቼ አስገባሁት፣ ኤክስ2ውንም። የጎረቤቴ አባት ሬዲዮ አሁንም ትንሽ ይላል፣ ግን ድምፁ ይሰማል፣ ተመስገን ብለውኛል።

ቴርሞሜትሩ 33 ላይ ነው። 48ቱም ተበታትነው ተኝተዋል፣ አንዷ ብቻ ውሃ መጠጫው ጫፍ ላይ ራሷን ጥላ ተኝታለች። ለሚቀጥለው ዙር የቦርከናን አሠራር እሠራለሁ፣ ቴርሞስታቱን ከኮምቦልቻ የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቻለሁ።


ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

ማሻአላህ። ስትመጣ ሳጥኑን ይዘህልኝ ና፣ ብየዳውን ልይልህ። አንድ ቀዝቃዛ ብየዳ ካለ ዛሬ ሠርቶ ነገ ይለቃል።


እማማ ሐይቅ

ውሃ መጠጫው ላይ የተኛችውን አንሳና ደረቅ ቦታ አድርጋት፣ ከረጠበች ትበርዳለች። ሰባት ቀን ሲሞላቸው ደግሞ ወደ 30 አውርደው፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ቀን።


የጦሳ ሥር

አሁን አነሳኋት እማማ። ደረቷ እርጥብ ነበር።